የኪስ ካሜራና የፎቶ አንሺው እርምጃ

የጥበበኛና የመሣሪያው ግንኙነት በኪነ ጥበብ ሂሳችን ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ለማለት አይቻልም። ስለ ሠዓሊው የቀለም አመራረጥ ወይም ስለ ክራር ደርዳሪው የጅማት አወጣጠር የሚጽፍ ሐያሲ ከስንት አንድ ነው። በፎቶግራፍ ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል፤ ስለ ሥራው ዝም ተብሎ ስለ መሣሪያው ብቻ ይወራል። ሁለት የፎቶግራፍ አፍቃሪዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ምን እንዳየ ሳይጠይቀው ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ይጠይቀዋል። ለመሆኑ ፎቶግራፍን መተዳደሪያው ሳያደርግ ከልቡ የሚወድ ሰው፣ ከፍተኛ ጥራት ያላት ትንሽ ካሜራ ሲመርጥ መመዘኛው ምን መሆን አለበት?

ትንሿ ካሜራ የትናንት ፍጡር አይደለችም። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ፣ ለሲኒማ የተዘጋጀውን ፊልም የምትጠቀም ትንሽ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1914 ሠራ፤ ላይካ ተብላ ለገበያ የቀረበችው በ1925 ነበር። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺ ሲባል በአብዛኛው ባለሦስት እግር መቆሚያ ተክሎ ሰውን ቀጥ ብለህ ቁም የሚል ባለሙያ ነበር። ትንሿ ካሜራ ከስቱዲዮ አውጥታ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ቀላቀለችው። ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፋትና ኦሊምፐስ በ1979 ያወጣት ኤክስ ኤ የዚሁ መንፈስ ልጅ ናት።

ዛሬ ይህች ካሜራ ከባድ ፈተና አልፋ የተረፈች ናት። የጃፓን አምራቾች በ2010 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሌንሳቸው የማይነቀል ዲጂታል ካሜራዎችን ለዓለም ገበያ ሲልኩ፣ በ2021 ቁጥሩ ወደ 3 ሚሊዮን አሽቆልቁሏል። ርካሾቹን ስልክ ፈጃቸው። የተረፉት ስልክ የማይሠራውን የሚሠሩት፣ ይኸውም ሰፋ ያለ ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳና እውነተኛ ሌንስ ያላቸው ውድ ካሜራዎች ናቸው። ከመትረፋቸውም አልፈው ጌጥ ሆነዋል። በ2020 የወጣችው የፉጂፊልም ኤክስ 100 አምስተኛ ትውልድ ያገለገለችው ከአዲሷ በላይ እስክትሸጥ ድረስ ተፈለገች፤ ስድስተኛዋም በየካቲት 2024 በ1,599 ዶላር ስትወጣ ወረፋ ጠበቃት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ብዙዎች የገዙት ያዩትን የሚያነሡበትን መሣሪያ ሳይሆን ሌሎች የሚያዩላቸውን ዕቃ ነው።

የማስታወቂያውንም ቋንቋ በሂስ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በ2011 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ኤክስ 100 የነበራት 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ይህ በጥሩ የኅትመት ጥራት 36 በ24 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ከብዙ መጽሔቶች ገጽ ይሰፋል። አርባ ሜጋፒክስል ለመጨመር የሚሰለፍ ሰው ግድግዳ የሚያህል ሥራ ካላሰበ በቀር ምን ይሠራበታል? ባለ 1 ኢንች የሚባለው ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ልኬቱ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ሲሆን አንዱም ጎኑ አንድ ኢንች አይሞላም፤ ስሙ ከጥንቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ነው። በሪኮ ጂ አርና በኤክስ 100 ውስጥ ያለው ሴንሰር በስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ልዩነቱ ከቤት ውጭ በቀትር አይታወቅም፤ አንዲት ትንሽ መስኮት ባለችው ቤት ውስጥ ግን ወዲያው ይታያል።

ይሁን እንጂ ለእኔ ዋናው መመዘኛ ርቀት ነው። ነገሩን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል፤ የሌንሶቹን ልክ በ35 ሚሊሜትር ፊልም አቆጣጠር እንውሰድ። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ትዕይንት፣ ለምሳሌ ረከቦት ፊት የተቀመጠች ሴትና አጠገቧ ያሉ ጎረቤቶቿ፣ የምስሉን ወርድ እንዲሞሉ ቢፈለግ፣ 28 ሚሊሜትር ሌንስ የያዘ ፎቶ አንሺ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀርቦ መቆም ይኖርበታል። ባለ 35ቱ ሁለት ሜትር ይበቃዋል። ባለ 200ው ግን አሥራ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሊያነሣቸው ይችላል። የምስሉ ወርድ አንድ ነው፤ የሰዎቹ ግንኙነት ግን አንድ አይደለም። በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ያለው ሰው ኖር ተብሏል፣ ሰላምታ መልሷል፣ ምናልባትም አቦሉን ጠጥቷል። ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን አዳኝ ነው። በመድረክ ላይ ተዋናዩ ተመልካች መኖሩን ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት በሁለቱ መካከል ያለ ውል ነው። ፎቶግራፍም ያንን ውል ሲያፈርስ ሰውን ወደ ዕቃነት ያወርዳል።

የማይለወጥ ሌንስ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። የወል ቤት ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለም ተከፍሎ ይሄዳል። ገጣሚው ሰባተኛ ቀለም ባሰኘው ቁጥር ምጣኔውን ቢለጥጥ ስንኙ ይፈርሳል፤ በስድስቱ የሚገባ ቃል ፍለጋ ሲደክም ግን ያላሰበውን ቃል ያገኛል። ባለ አንድ ልክ ሌንስ የያዘም ሰው ጣቱን በማንቀሳቀስ ፈንታ እግሩን ያንቀሳቅሳል።

ከዚህ አንጻር ሦስቱን ታዋቂ ካሜራዎች እንመዝናቸው። በ2019 የወጣችው ሪኮ ጂ አር 3 ባለ 28 ሚሊሜትር ሌንስ ስትሆን፣ ከነባትሪዋ 257 ግራም ብቻ ስለምትመዝን በእርግጥ የኪስ ካሜራ ናት። ርቀቱን አስቀድሞ 2 ሜትር ላይ ወስኖ፣ የብርሃን ቀዳዳውን 8 ላይ አጥብቦ የሚሄድ ሰው፣ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለውን ሁሉ ያለ ማነጣጠሪያ ጥበቃ ጥርት አድርጎ ያነሣባታል። ነገር ግን የዓይን መመልከቻ የላትም፤ በቀትር ፀሐይ ስክሪኗን ማየት ያስቸግራል። ከአቧራም የሚከላከል ሽፋን ስለሌላት ለበጋ መንገዳችን አትመችም።

ሶኒ አር ኤክስ 100 ሰባተኛዋ፣ እርሷም የ2019 ናት፣ ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር ትደርሳለች። የትምህርት ቤቱን የስፖርት ቀን ወይም የወፎችን ኑሮ ለሚመዘግብ ሰው ርቀት ሐቀኛ ምክንያት አለውና ይህች ትሻለዋለች። በደብዛዛ ቤት ውስጥ ግን የሴንሰሯ ትንሽነት ያጋልጣታል። በ2023 ወደ 6,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የወጣችው ላይካ ኪው 3 ውብ መሆኗ አይካድም፤ ዋጋዋ ግን ከብዙ አፍቃሪዎች ጋር ያቆራርጣታል።

ኤክስ 100 ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ናት። በመስታወት መመልከቻዋ ውስጥ የምስሉ ድንበር በብርሃን መስመር ተሠምሮ ስለሚታይ፣ ከድንበሩ ውጭ ያለውና ሊገባ የተቃረበው ሰው፣ ልክ ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚጠባበቅ ተዋናይ፣ አስቀድሞ ይታያል። ስድስተኛዋ 521 ግራም ስለምትመዝን ከኪስ ይልቅ ለትከሻ ትቀርባለች። ከሁሉ በላይ ግን ከአናቷ ላይ የብርሃን ማስተካከያ ጎማ አላት። ይህች ትንሽ ጎማ ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ትልቅ ቁም ነገር ናት። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። በጥምቀት ሜዳ ነጭ ነጠላ ምስሉን ሲሞላው መለኪያው ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ያጨልማል፤ የሚጎዳውም የለባሹ ጠይም ፊት ነው። ጎማዋን በአንድ እርከን ወደ ላይ ያዞረ ሰው ከነጠላው ዝርዝር ጥቂት ቢያጣም ፊቱን ያተርፋል። የሰው ፊት የሚለዩ ዘመናዊ ካሜራዎች ችግሩን ቢያቀሉትም የፎቶ አንሺውን ፍርድ አይተኩም። ፊት የሌለው ሕዝብ ማንሣት ደግሞ ጨርቅ ማንሣት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የሕዝቡን የዕለት ኑሮ ቀርቦ ለሚያነሣ ሰው ኤክስ 100ን እመርጣለሁ፤ ይሁንና ለአዲሷ መሰለፍ አያስፈልግም። የ2014ቷ ባለ 16 ወይም የ2017ቷ ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ ያገለገለችም ብትሆን፣ ያው ሌንስ ልክ፣ ያው መመልከቻና ያችው ጎማ አላት። ካሜራ ሁልጊዜ ከኪሱ እንዳይለይ የሚሻ ደግሞ ሪኮን ይውሰድ፤ ከአቧራም ይጠብቃት።

ከመግዛት በፊት ግን አንድ ፈተና አለ። የእጅ ስልክ ዋና ሌንስ ብዙውን ጊዜ ለ28 ሚሊሜትር የቀረበ ነው። አንድ ወር ሙሉ ዙም ሳይነኩ፣ በእግር ብቻ እየቀረቡ ማንሣት፤ ከዚያም ሥራውን ዘርግቶ መመርመር። መምህራን ይህንን በየትምህርት ቤቱ ክበብ ያለ አንዳች ወጪ ሊያስጀምሩት ይችላሉ። በወሩ መጨረሻ በምስሎቹ ውስጥ ያሉ ሰዎች ወደ ካሜራው ያለ ፍርሃት የሚመለከቱ ከሆነ፣ ያ ሰው ካሜራ ለመግዛት ደርሷል። ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡ ከሆነ ግን የሚጎድለው በሱቅ አይሸጥም፤ ቀርቦ እንደምን ዋላችሁ ማለትን መጀመር አለበት።