ፊትሽን አሳዪኝ

በኅዳር ወር ወርቃ የገባ እንግዳ አልጋ በቀላሉ አያገኝም። ከዲላ ተነስቶ ወናጎን፣ ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ደቡብ የዘለቀ ሰው ወቅቱ የእሸት ቡና ከሆነ የሚደርሰው ሌላ ከተማ ነው። ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ የማጠቢያ ጣቢያው ሠራተኛ፣ የኤፍኤስአር ሾፌሩና ረዳቱ፣ ሁሉም ኪሱ ሞቅ ብሏል። ኪስ ሲሞቅ ደግሞ ቡና ቤቱም ይሞቃል። (በቡና አገር ቡና የማይጠጣበትን ቤት «ቡና ቤት» ማለታችን ሁሌም ይገርመኛል።)

አንድ ማለዳ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ሾፌር ስልኩን ለጠረጴዛው ሁሉ ያዞራል። የአዲስ አበባ ደላሎች የቴሌግራም ቻናል ነው። ልጅቷ ከነፎቶዋ፣ ሥሯ ዕድሜዋ፣ ቁመቷ፣ የቆዳዋ ቀለም፤ ለ«ሾርት» ይህን ያህል፣ ለ«አዳር» ይህን ያህል። ዝቅ ሲል ሌላዋ፤ ዝቅ ሲል ሌላዋ። ስልኩ አንድ ወጣት እጅ ሲደርስ ቆመ። ልጁ ትክ ብሎ አየና፣

«እንዴ! ይቺን እኮ አውቃታለሁ። ዲላ አብራኝ የተማረች ናት» አለ።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ አንገት ሁሉ ወደ ስልኩ ተንጠራራ። እኔም ተንጠራርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። ልጁ «ፊቷን ምን አሳያት? ብትሸፍነው ምን ነበር?» አለ። ሾፌሩ ደግሞ «ሰው ሳያይ ይገዛል እንዴ? ፊቷን የደበቀች አንድ ነገር አላት» ባይ ነው። ሌሎቹም እንደየስሜታቸው ከሁለት ተከፈሉ። «የሚያፍሩ ከሆነ ለምን ይሠሩታል» ያለም ነበር። አንድም ሰው ግን ፎቶውን ማን እንደለጠፈው አልጠየቀም።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በዚህ ሥራ የኖሩ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ፊታቸውን የሚሸፍኑት በሻሽ ሳይሆን በርቀት ነው። የዲላዋ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ የአዲስ አበባዋ ናዝሬት፤ የናዝሬቷ ዲላ ትመጣለች። ስሟን ትቀይራለች። ቤተሰብ «ሆቴል ቤት ነው የምትሠራው» ይላል። ያውቃል አያውቅም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማንም ግን ማስረጃ በኪሱ ይዞ በሩን አያንኳኳም። ማስታወቂያም ቢሆን ነበረ፤ ቀይ አምፖል ነበረ። ቀይ አምፖል የሚናገረው ስለ ቤቱ እንጂ ውስጥ ስላለችው ሴት አልነበረም። ፊቷን ያየ እዚያው ገብቶ፣ እዚያው ተቀምጦ፣ ራሱም እየታየ ነው ያያት። ከዚያ ለመስቀል ወይም ለገና አገሯ ትገባለች፤ ለእናቷ ልብስ ይዛ ትመጣለች፤ ለቅሶ ቢሆን ከዘመድ እኩል ትቀመጣለች።

አሁን ያንን ርቀት አንዲት ፎቶ ገደለችው። አዲስ አበባ የተለጠፈ ፊት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ወርቃ ሻይ ቤት ለመድረስ ደቂቃም አይፈጅበት። ልጅቷ ብታውቀው እናቷ ለቅሶ እንኳ እንዴት ትመጣለች?

የሠለጠነው ዓለምም ይህን ጥያቄ አልጨረሰውም። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2000 ቡና ቤቶቹን (የእነሱን ማለቴ ነው) ሕጋዊ አድርጋለች። በአምስተርዳም ሴቶቹ ከመስታወት ጀርባ ፊታቸውን ገልጠው ይቆማሉ፤ ፎቶ አንስቶ መሄድ ግን ክልክል ነው። በዚያ ሁሉ ነፃነት መሐል እንኳ ለአላፊ አግዳሚ መታየትና ተቀርጾ መቀመጥ አንድ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። የሩሲያውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፋይንድፌስ» የሚባል፣ የማያውቁትን ሰው ፎቶ ሲሰጡት ከማኅበራዊ ገጹ ፈልጎ የሚያገኝ ፕሮግራም ወጣ። ሥራ ፈቶች ወዲያው የተጠቀሙበት የወሲብ ፊልም ላይ የታዩና ገላቸውን ለመሸጥ ማስታወቂያ ያወጡ ሴቶችን ለማደን ነው። እውነተኛ ስማቸውን አወጡ፤ ፎቶውን ለዘመድ ለወዳጅ ላኩት። ወርቃ ላይ እንዲህ ያለ ማሽን አያስፈልግም። አንድ የክፍል ጓደኛ ይበቃል።

የሾፌሩን ነገር ግን እንዲሁ ልጥለው አልፈልግም። የሚፈራው ነገር አለ። «ኮሚሽን በቴሌብር አስገባ» ይሉታል፤ ያስገባል፤ ከዚያ ስልኩ አይነሳም፤ ቻናሉም ይዘጋበታል። ወይም ያያት ሌላ፣ የመጣችው ሌላ። ስለዚህ ግልጽ ፊት ሲያይ እምነት ያድርበታል። ታዲያ ተሸውዷል! ፊትን አደባባይ ማውጣት የሚያስፈራው ባለቤቱን ነው። ሌባው ምን ጨነቀው? ፊቱ የእሱ አይደለም። ከሰው ገጽ የተሰረቀ ፎቶ ሁሌም ጥርት ያለ፣ ፈገግ ያለ፣ ብርሃን የሞላው ነው። ገላዋን ለማስተዋወቅ በገዛ እጇ የተነሳችው ግን መስታወት ፊት ቆማ በስልኩ ራሱ ፊቷን ትከልላለች፤ ወይም አበባ፣ ወይም ልብ ትለጥፍበታለች፤ ወይም ከአንገቷ በታች ትቆርጠዋለች። እንግዲህ እንደ ፎቶ ሃያሲ ካያችሁት፣ በእነዚህ ቻናሎች ላይ ይበልጥ የሚታመነው የተሸፈነው ነው። የተሸፈነውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለውም፤ ንቅሳት አለ፣ የአንገት ሐብል አለ፣ የአልጋው ልብስ አለ፤ የሚያውቃት ሰው በእጇ ጣት ያውቃታል።

ሕጉን ብትሉኝ፣ ሕጉ ከሻይ ቤታችን ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሴቲቱን ገላዋን ስለሸጠች ብቻ ወንጀለኛ አይላትም። አንቀጽ 634 የሚይዘው በሌላ ሰው ገላ የሚተዳደረውን ነው፤ አቃጣሪውን፣ ለዚሁ ብሎ ቤት የሚይዘውን። ቻናሉ ላይ ግን ፊቷ የተሰጣው እሷ ናት፤ ሕጉ የሚፈልገው ሰውዬ ስሙ «አድሚን» ነው፤ ፎቶውም የአንበሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አንቀጽ 27 ላይ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። መልካም ነው። ግን ልጅቷ ይህን አንቀጽ ይዛ ፍርድ ቤት ልትቆም ነው? «እዚያ ላይ ያለችው እኔ ነኝ» ብላ በስሟ ልትከስ? ሸሽታ የነበረውን ነገር በማመልከቻ ጽፋ በአራት ቅጂ ማቅረብ ማለት እኮ ነው።

«ራሷ ፈቅዳ ብትለጥፈውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዋቂ ናት፤ ፊቷም የራሷ ነው፤ እኔ ማነኝ። ደላላውን ጥላ በራሷ ፊት፣ በራሷ ስልክ ብትሠራ ከሚዘርፋት ሰው ተገላገለች ማለት ነው፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻ የቤት ኪራይ በደረሰበት ሳምንት የተሰጠ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያገባት የሚመጣ ሰው ሲገኝ አይነሳም። ቻናሉ ቢያጠፋው ስክሪንሾት ያደረገው አያጠፋውም። ስለዚህ አስተያየቴን የጠየቀች ብትኖር «አትለጥፊው እህቴ» ነው የምላት። ጠያቂው ወንዱ ከሆነ ግን ሌላ መልስ አለኝ፤ ፊት ማየት የፈለገ የራሱን አስቀድሞ ይላክ። በሩን የምትከፍተው እሷ ናት፤ ማን እንደሚገባ የማወቅ ችግሩ ከእሱ ይልቅ የእሷ ነው።

ይህንኑ ለሾፌሩ ነገርኩት። «እኔማ ባለትዳር ነኝ፣ ጋሼ!» አለኝ፤ ከልቡ ደንግጦ።

በዚህ መሐል ወጣቱ የራሱን ስልክ አውጥቶ ይጎረጉር ነበር። «ቆይ ቆይ...» አለ። የልጅቷን የፌስቡክ ገጽ አግኝቶት ነው። ፎቶው እዚያ አለ፤ ያው ፎቶ፣ ሳይቆረጥ። የባህል ልብስ ለብሳለች፤ በግራዋ ታናሽ እህቷ የምትመስል ልጅ ቆማለች፤ ከኋላ ደመራ ይታያል። የመስቀል ፎቶዋ ነው። ቻናሉ ላይ ልጅቷም ደመራውም ተቆርጠው የቀረው ፊቷ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ሰርቀዋት ነው? ወይስ እሷው ናት?» አለ ሾፌሩ።

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ወጣቱን «ለማንም አልላክኸውም አይደል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ገና እንዳያት ዲላ ላሉ ጓደኞቹ ልኮት ኖሯል፤ ሁለቱ አይተውታል፤ አንደኛው «ኧረ!» ብሎ መልሷል። «አጥፋው» አልነው። ከእሱ ስልክ ላይ አጠፋው። ሾፌሩም የእሱን ተቀብሎ ወደ ኪሱ ከተተና የዛሬ እሸት በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቀ።