«ሞግዚት» በሕግ ቃልና በቤት ቃል

የቅጥርና የግብር ቅጾችን የሚያዘጋጁ ተርጓሚዎች፣ በደመወዝ ሕፃን የምትጠብቅን ሴት «ሞግዚት» ማለት ይቀናቸዋል። ቃሉ በከተማ አነጋገር የተለመደ ስለ ሆነ ነቀፋ የሚገባው አይመስልም። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሞግዚትን ከአሳዳሪ ለይተው፣ አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ በንብረትና በጥቅም ጉዳይ የሚወክል ሰው አድርገውታል። እንግዲህ ከገረሴ ወርዳ አርባ ምንጭ የሰው ልጅ የምታዝል ወጣት «ሞግዚት» ተብላ ስትፈርም፣ በወረቀቱ አንባቢ ዘንድ የሕፃኑ ወኪል ትመስላለች፤ ተቀጣሪነቷ ይሰወራል።

«የሕፃናት እንክብካቤ ባለሙያ» የሚለው ስያሜ፣ ለጆሮ ቢያምርም፣ የባሰ ነው። «ባለሙያ» ለራሱ የሚሠራን ሰው ያስታውሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ የተቀጣሪን ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ሥራን ገቢ፣ የሙያ ሥራን ጨምሮ፣ በሠንጠረዥ «ሐ» ይመድባል። የ1994ቱ ደንብ ቁጥር 78 ለቤት ውስጥ ሥራ የተቀጠሩ ሰዎችን ገቢ ከግብር ነፃ ሲያደርግ ነፃነቱን ያሰረው ከዚሁ ሐረግ ጋር ነበር፤ «ባለሙያ» የተባለች ከሐረጉ ውጭ ለመውደቅ ቅርብ ናት። ማዕረግ የሰጣት ተርጓሚ ዕዳ ሊያሸክማት ይችላል ማለት ነው።

«ገረድ» ክብርን ስለሚነካ መተዉ ተገቢ ነው። እኔ የምመርጠው «የቤት ሠራተኛ፣ ልጅ ጠባቂ» የሚለውን ጥንድ ነው፤ ፊተኛው ምድቧን፣ ኋለኛው ተግባሯን ይናገራል። መዝገበ ቃላቱም «ሞግዚት»ን በሁለት ፍቺ ያስፍር፤ የመጀመሪያው ግን «ሕግ» የሚል ምልክት ይኑረው።