ቦሌ፣ ዘመድና ድርሰቶቻችን

የአማርኛ ልብ ወለድ ያነበበ ሁሉ አንድ ሰው ያውቃል። ሰውየው ተምሯል፤ ደመወዝ አለው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ይኖራል፤ በዕረፍት ቀኑ ዘመድ በሩን ያንኳኳበታል። ስለዚህ ሰው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሒሷል። የዛሬው ጥያቄዬ ግን በሩን ስለሚያንኳኳው ዘመድ ነው። ለመሆኑ ደራስያኖቻችን ይህን እንግዳ ከደጅ አስገብተው አስቀምጠውታልን?

በአንድ ወቅት አስቀምጠውት ነበር። በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እና የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ለአንባቢ ደረሱ። ዳኛቸው የተማረውን ወጣት ከከተማ አውጥቶ ወደ ደብረ ሲና አካባቢ ይወስደውና ከእነ ወይዘሮ አሰጋሽ ጋር ያፋጥጠዋል። በዓሉ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ አበራ ወርቁን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በገዛ ቤቱ ሳለ ቤተ ዘመድ ያመጣበታል። አበራ ቢሮ ውሎ የሚገባ፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ የቀረ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ የሚሹት ደግሞ አግብቶ እንዲወልድ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት በአጻጻፍ እጅግ ይራራቃሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። በሁለቱም ዘመድ አፍ አለው። ሐሳቡን ባንቀበለውም ይከራከራል፤ ክርክሩም ያስጨንቃል።

ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም በፊልሞቻችንና በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን፣ ሁለት ነገሮች ደርቀው ቀርተዋል። አንደኛው ቦሌ ነው። ቦሌ ሲባል ትልቅ የግቢ በር፣ መኪና፣ ካፌና አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ይታየናል፤ «የቦሌ ልጅ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ሥዕል ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ከገጠር የመጣው ዘመድ ነው። እሱ በአብዛኛው ለሣቅ ይጠራል፤ ሊፍት ያስደነግጠዋል፤ ሶፋው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ይቸገራል። ከሣቅንበት በኋላ ይሸኛል። ምን ፈልጎ እንደመጣ የሚጠይቀው የለም።

እስቲ በእውነተኛው ቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በኩል እንለፍ። ከመገናኛ ተነሥተን ገርጂን፣ ሰሚትን፣ ጎሮን፣ አያትን ብናይ ቪላ ብቻ አናገኝም፤ በረድፍ የቆሙ የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎችን እናገኛለን። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለሙከራ የተጀመረው እዚያው ቦሌ ገርጂ ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ መላው ከተማ ተስፋፋ። በፕሮግራሙ መለኪያ መሠረት ስቱዲዮ የሚባለው ቤት ከ20 ካሬ ሜትር የማይበልጥ፣ ባለ አንድ መኝታው ደግሞ ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነበር። ዕቅድ አውጪዎቹ ባህላችንን ፈጽመው አልዘነጉም፤ ለከብት ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በየሰፈሩ አስበውበታል። ሰንጋው ታስቧል ማለት ነው። ለሕክምና መጥቶ አንድ ወር ለሚሰነብተው እንግዳ ግን ስቱዲዮው ውስጥ ቦታ አልተገኘለትም።

ቤተ ዘመድም ተበታትኗል። የአንዱ ዕጣ ጀሞ፣ የሌላው የካ አባዶ ወጥቷል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ሰዎች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ድሮ በእግር የሚደረስበት ለቅሶ ዛሬ ግማሽ ቀን ይወስዳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል ራሱ አዲስ ትርጉም ይዟል፤ የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነን ተራርቀናልና።

የእህቴ ልጅ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሰሚት አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራይቶ ይኖራል። እናቴ፣ የእሱ አያት፣ ለዓይን ሕክምና ከደብረ ብርሃን ስትመጣ የእሱ ቤት ለሐኪም ቤቱ ይቀርባል ተብሎ እሱ ዘንድ ሰነበተች። አልጋውን ለቀቀላት፤ እሱ በምድጃውና በበሩ መካከል ፍራሽ አንጥፎ ይተኛ ነበር። ሊፍት ስለሌለ ደረጃውን ክንዷን ይዞ፣ እየቆጠረላት ያወጣታል። እሷም ዓይኗ ተሸፍኖ ሳለ የፎቁን ጎረቤቶች በድምፅ ለየቻቸው፤ እሱ ግን ዓመት ሙሉ ስማቸውን አያውቅም ነበር። «አልከበደህም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ» አለኝ። «ዘንድሮ ሽሮና በርበሬ ገዝቼ አላውቅም፤ የያዘችው ቅቤም አላለቀም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የኪስ ገንዘቤ የማን በግ ተሸጦ እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።»

ይህ መልስ ለሥነ ጽሑፋችን ትልቅ ሒስ ይመስለኛል። የዘመድ ነገር በድርሰቶቻችን ሲነሣ መዝገቡ የወጪ ብቻ ነው። ዘመድ ምን እንደበላ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን ብድር እንደጠየቀ ተቆጥሮ ይቀርብልናል። የገቢው ገጽ ባዶ ነው። ወጣቱ የተማረበት በግና በሬ፣ በማዳበሪያ ታስሮ የሚመጣው እህል፣ በእንግዳ ምክንያት የተከፈተ የጎረቤት በር፣ እነዚህ ሁሉ አይመዘገቡም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ዘመድ በእርግጥ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኪራይ በየጊዜው በሚንርበት ከተማ፣ በአንድ ደመወዝ ላይ አራት ሰው ሲደገፍ፣ ወጣቱ ዘመድ ወዳድ ነው እያሉ ማቆለጳጰስ ሌላ ውሸት ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው ተረት ችግር አይፈታም። ትዳሩን በእንግዳ ብዛት ያዘገየ፣ ስልክ ሲጮኽ የሚደነግጥ ወጣት ብዙ ነው፤ ደራሲም ይህን መደበቅ የለበትም። በዓሉም አልደበቀውም። ነገር ግን በዓሉ የአበራን ጭንቀት ሲጽፍ ዘመዱን ዝም አላሰኘውም፤ ጭንቀቱ የጠነከረውም ሁለቱም ወገን የሚናገረው ስላለው ነው። አንዱን ወገን መሳቂያ ብናደርገው የወጣቱም ጭንቀት አብሮ ይቀልላል፤ በመሳቂያ የተጨነቀ ሰው ለራሱም መሳቂያ ነውና።

ጉዳቱም በድርሰት ብቻ አይወሰንም። በየሳምንቱ በመስኮቱ አያቱን የምትመስል ሴት ሲሣቅባት የሚያይ ልጅ፣ ነገ እሷ በነጠላዋ ተከናንባ ቢሮው በር ላይ ብትቆም ለባልደረቦቹ ማን ናት ይላቸዋል?

እንግዲህ ወጣት ደራስያን ስለ ቦሌ ስትጽፉ ካፌውን ለጊዜው ተዉትና አራተኛ ፎቅ ውጡ። አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሰው ታገኛላችሁ። አሮጊቷንም አናግሯት፤ እሷም የያዘችው ሒሳብ አላት።