የመብራት ዋጋ ንጽጽር በሐይቅና በአምባሰል፤ ስለ ገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚቀርበው ክርክር ሲመረመር

በተማሪዎችና በመምህራን መካከል ስለ ገጠር መብራት ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት አሳቦች ሲመላለሱ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ገበሬው ራሱ ማኅበር አቁሞ መብራት ቢያስገባ ከመንግሥት ድርጅት በረከሰ ዋጋ ያገኛል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ማኅበሩ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያስከፍለውን ከጎረቤቱ ድርጅት ዋጋ ጋር አስተያይቶ ውድ ሆኖ ሲያገኘው «እንግዲያስ ማኅበሩ ከንቱ ነው» ብሎ ይፈርዳል። እኛ ሁለቱም ወገኖች በተሳሳተ ሚዛን ይመዝናሉ እንላለን፤ ምክንያታችንንም የሐይቅንና የአምባሰልን አገር ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን።

አሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬ ቤቶች መብራት የነበረው አንዱ ያህል ብቻ ነበር። በ1934 በሚሲሲፒ ግዛት የአልኮርን አውራጃ ሰዎች ማኅበር አቁመው ከቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ኃይል በጅምላ እየገዙ ለአባሎቻቸው ማከፋፈል ጀመሩ። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን ሲያቋቁሙ ለመሰል ማኅበሮች በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድር ተከፈተ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ማኅበሮች ዋጋ ከከተማው ኩባንያ ዋጋ ጋር ሲተያይ በብዙ ቦታ ከፍ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱም አይሰወርም፤ ማኅበሮቹ በአንድ ማይል ሽቦ ላይ በአማካይ 8 ያህል ደንበኛ ሲኖራቸው ኩባንያዎቹ ከ30 በላይ አላቸው። ሽቦውን የሚከፍለው ሰው ጥቂት ከሆነ ድርሻው ይከብዳል፤ ይህን ሳያዩ የሥራ አስኪያጁን ስንፍና መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአገራችን ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆኖ፥ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደርሷል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ይህ ድርጅት የሚሸጠው በአንድ ሠንጠረዥ ነው። አዲስ አበባ ያለ ቤትና ሐይቅ ከተማ ያለ ቤት ለእኩል ፍጆታ እኩል ይከፍላሉ። ሐይቅና ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ግሸን የሚወጣው ገደላማ አገር ግን፥ አምባሰልን በቅኝቱ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይዘነጋ እንለምናለን፥ ለምሶሶ ተካይ የሚመች አይደለም። አንድ ዋጋ መኖሩ ይህን ልዩነት ከታሪፉ ላይ ሰውሮታል፤ ከወጪው ላይ ግን አላነሣውም።

አሁን ዋናው ጉዳያችን ላይ ደረስን። ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት ለብዙ ዓመታት በሠራው የመኖሪያ ቤት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ 0.2730 ብር፥ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.3564፥ ከ101 እስከ 200 ያለው 0.4993 ሲሆን፥ እየጨመረ ሄዶ ከ500 በላይ ያለው 0.6943 ይደርስ ነበር። አሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነው። ዳሩ ግን ሠንጠረዡ የሚያየው ቆጣሪን እንጂ ቤተ ሰብን አይደለም። ምሶሶ፥ ሽቦና ቆጣሪ ለማስገባት የሚጠየቀውን ገንዘብ ያጣ ሰው ከጎረቤቱ ቆጣሪ መስመር ስቦ ሲጠቀም በአገራችን የተለመደ ነው። እንግዲህ እናስላ። በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፥ የአገልግሎት ክፍያውን ትተን፥ 10.92 ብር ይከፍል ነበር። እንዲህ ያሉ ሦስት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲገናኙ ፍጆታው 120 ይሆንና ሒሳቡ 41.46 ብር ይወጣል፤ ለአንድ ቤት 13.82 ብር ደረሰ ማለት ነው። ከሩብ በላይ ጭማሪ የወደቀው ቆጣሪ ማስገባት ባቃተው ላይ ነው። ባለቆጣሪው ለራሱ የሚጨምራት ትርፍ ካለችም ከዚህ ላይ ትደመራለች።

ምጣድ ሲገባማ የባሰ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት 56 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ አምፑል ሳይበራ የድኻው እርከን አለቀ። ጎረቤትም ሊጡን ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ማሻሻያ የመጀመሪያውን እርከን በ0.2730 ትቶ የላይኛውን በአራት ደረጃ እስከ 2.4810 አወጣው። ቀድሞ የላይኛው የታችኛውን ሁለት ተኩል እጥፍ ነበረ፤ ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ተጀምሯል። ይህን ሁሉ «ሀብታሙ ይክፈል» ብለው ያመሰገኑ ጽሑፎች አንብበናል፤ በአንድ ቆጣሪ ሥር የተሰበሰቡትን ቤቶች ግን አልቈጠሯቸውም።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ሕጉ በሩን አልዘጋም፤ በ1995 ዓ.ም. የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ ሲቋቋም ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ተበዳሪ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ደግሞ ከብሔራዊው መረብ ውጭ የሚሸጥ ኃይል የራሱ ታሪፍ እንዲኖረው ፈቅዷል። በአምባሰል ደጋ አንድ ማኅበር በፀሐይ ኃይል ቢነሣ በ0.2730 ሊሸጥ ከቶ አይችልም፤ ባትሪው ብቻ ይህን ዋጋ ይበላዋል። ታዲያ ከማን ጋር እናስተያየው? አባሉ ማኅበሩ ባይኖር ኖሮ የሚያበራው ኩራዝ፥ የሚገዛው ደረቅ ባትሪ፥ ስልኩን ለመሙላት ወደ ገበያ የሚሄድበት ቀን አለ። ትክክለኛው ጎረቤት ይህ ነው። ዋጋ ሰብስቦ በታማኝነት መያዝን በሚመለከትስ፥ ዕድርን የሚያውቅ ሕዝብ አዲስ ትምህርት የሚያሻው አይመስለንም።

ማኅበሩ ከመረቡ ገዝቶ ቢያከፋፍልስ? እዚህ ላይ የአልኮርንን ምሳሌ የሚጠቅሱ ወገኖች የዘለሉት ነገር አለ። የአልኮርን ሰዎች ኃይሉን የገዙት በጅምላ ዋጋ ነው። የእኛ ማኅበር ግን በአንድ ትልቅ ቆጣሪ፥ በመኖሪያ ቤት ሠንጠረዥ ቢገዛ ቀደም ብለን ያሰላናቸው ሦስት ቤቶች ሁለት መቶ ሆኑ ማለት ነው፤ ከላይኛው እርከን ገዝቶ ለአባሎቹ በታችኛው ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ የማኅበሩ ደጋፊዎች ስለ ችርቻሮው ዋጋ መከራከራቸውን ትተው የኢነርጂ ባለሥልጣኑን ሊጠይቁት የሚገባው፥ በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት ለሚያገለግል ማኅበር የመጀመሪያው እርከን በቤት ቁጥር እንዲባዛ ይፈቀድ እንደ ሆነ ነው።