መረዋ በውኃ ዳር፦ የድንጋይ ደወልን ስለ መመዘን

በአማርኛ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው «ድምፀ መረዋ» ሲባል ሙገሳው የተወሰደው ከደወል ነው፤ መረዋ ደወል ማለት ነውና። ስለዚህ የድንጋይ ደወልን፣ ማለትም ከዛፍ ወይም ከአግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በትንሽ ድንጋይ የሚመታውንና በጣና ዳር በኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚገኘውን ዓይነት፣ ለመመዘን የሚሻ ሰው ከመልኩ ይልቅ ከድምፁ ሊጀምር ይገባዋል።

ጥሩ ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለና ስንጥቅ የሌለበት ነው፤ ስሙ በግሪክ «ባለ ድምፅ ድንጋይ» ማለት የሆነው ፎኖላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዚህ የታወቀ ሲሆን፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ሲመታ እንደ ነቃ ሸክላ ይንኳኳል። ድምፁ ከምቱ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሲከስምም በአንድ ጊዜ ይቆረጥ ወይስ እየራቀ ይሄድ እንደ ሆነ በትዕግሥት ማድመጥ ያስፈልጋል። አሰቃቀሉም ከድንጋዩ አያንስም፤ ውፍረቱ እኩል የሆነ ረዥም ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲመታ፣ ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ እምብዛም የማይነዝር ቦታ ስላለው፣ ማንጠልጠያው በዚያ ሲያልፍ ድምፁ ነጻ ይወጣል፤ ወገቡ ላይ የታነቀ ድንጋይ ግን፣ ምንም ያህል ቢመረጥ፣ ድምፁ ታፍኖ ይቀራል።

ከድንጋይ ደወል በተለየ፣ በክሮኤሺያ የዛዳር ከተማ ኒኮላ ባሺች ነድፎት በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባሕር ኦርጋን ሌላ መመዘኛ ይጠይቃል፤ 70 ሜትር ገደማ በሚረዝም ደረጃ ሥር ያሉትን 35 ቱቦዎች የሚያስነፋቸው አየሩን የሚገፋው ማዕበል ስለሆነ፣ ምቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። በወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት ባሕረ ገብ መሬት ዙሪያ ያለው ውኃ ግን እንደ ውቅያኖስ የማይሞላና የማይጎድል፣ ማዕበሉም ትንሽ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለ ውኃ በሰው እጅ የሚመታው ድንጋይ ይበልጥ ይስማማል፤ ጸጥ ያለ የውኃ ገጽ ድምፅን እንደ ሣር ሳይውጥ መልሶ ስለሚልከው፣ ማድመጫው ቦታ ከደወሉ ሥር ሳይሆን ከማዶው ዳርቻ ነው።

በዚያው በወሎ፣ ስሙን ለዜማ ቅኝት ባወረሰው በአምባሰል ያደገ ጆሮ፣ ድንጋዮቹ በአምባሰል ቅኝት እንዲቃኙ ይመኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከድንጋዩ ዋና ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች እንደ ክራር ጅማት በሥርዓት የተደረደሩ ስላልሆኑ፣ ቅኝቱን በድንጋይ ላይ በግድ መፈለግ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ይልቁንም ሁለት ድንጋዮች ተከታትለው ሲመቱ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ሳይሸፍን በየፊናው መሰማቱ ይመዘን።