አህያም የምታውቀው ሕግ

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴው ስሕተት ነው። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ በማስተምርበት ጊዜ «ጎኖቹ 4፣ 5 እና 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ዙሪያው ስንት ነው?» የሚል የፈተና ጥያቄ አወጣሁ። ተማሪዎቹ ደምረው 20 ብለው ጻፉ፤ እኔም ትክክል እያልሁ አረምሁ። አንዲት ተማሪ ብቻ «ይህ ሦስት ማዕዘን አይሆንም» ብላ ሳትደምር ተወችው። ዜሮ ሰጠኋት። ወረቀቱ በተመለሰ ዕለት ኮምፓስና ማስመሪያ ይዛ ቀረበችና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይሣሉት» አለችኝ። ሞከርሁ፤ አልገጠመም።

ሕጉን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። «የሦስት ማዕዘን የማናቸውም ሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው ጎን ይበልጣል» ብዬ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። ጥፋቱ ሕጉን የምናስተምርበት ልማድ ላይ ነው። ሦስት ቁጥሮች እንሰጣለን፤ ተማሪው ሦስት ጊዜ ደምሮ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ይላል፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሕጉም አብሮ ይዘጋል።

ዩክሊድ ይህን ሕግ ያረጋገጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በጻፈው «ኤለመንትስ» በተባለው መጽሐፍ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል በተራ ቁጥር 20 ይገኛል። በ5ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የነበረው ፈላስፋ ፕሮክሎስ እንደሚተርከው፣ የኤፒኩሮስ ተከታዮች በዚህ ማረጋገጫ ይሳለቁ ነበር። ድርቆሽ በአንዱ ማዕዘን ቢቀመጥ፣ በሌላው ማዕዘን የቆመች አህያ በአንዱ ጎን ቀጥ ብላ ትሄዳለች እንጂ በሁለቱ ጎኖች ዞራ አትደክምም፤ ታዲያ አህያ የምታውቀውን ማረጋገጥ ለምን ያስፈልጋል? ይሉ ነበር። ፕሮክሎስ ግን በዓይን መታየትና ምክንያትን ማወቅ የተለያዩ ናቸው ብሎ ይመልሳል። እሳት እንደሚያሞቅ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እንዴት እንደሚያሞቅ መመርመር ግን የሳይንስ ሥራ ነው።

ምክንያቱም ረጅም አይደለም። በሦስት ማዕዘን ሀለሐ ላይ ጎን ለሀን ከሀ አሳልፈን እስከ መ እናስረዝም፤ ሀመ ከሀሐ ጋር እኩል ይሁን። መንና ሐን ብናገናኝ፣ በሦስት ማዕዘን ሀመሐ ውስጥ በመና በሐ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ይሆናሉ። ማዕዘን ለሐመ ግን ሀሐመን በውስጡ ስለሚይዝ በመ ካለው ማዕዘን ይበልጣል። በትልቁ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ጎን ይረዝማልና ለመ ከለሐ ይበልጣል። ለመ ደግሞ የለሀና የሀሐ ድምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር አለ። ይህ ማረጋገጫ የሚናገረው አስቀድሞ ስለተሣለ ሦስት ማዕዘን ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ለሚለው መልስ በቂ ነው፤ «ይሆናል» ለሚለው ግን አይበቃም። ዩክሊድ ወደዚያ የሚመጣው በተራ ቁጥር 22 ሲሆን፣ በዚያ ከሦስት የተሰጡ መስመሮች ሦስት ማዕዘን ይሠራል። እርሱም ቢሆን ሁለቱ ክቦች የሚቋረጡት ለምን እንደሆነ ሳይገልጽ ያልፋል፤ በዚህም ሲተች ኖሯል።

የጎደለውን ኮምፓስ በሚገባ ያሳያል። ረጅሙን ጎን፣ 11 ሴንቲ ሜትሩን፣ መሠረት አድርገን ከአንዱ ጫፍ 4፣ ከሌላው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ክቦች ብንሥል፣ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። በ6 እና በ5 ብንሥል ክቦቹ በመሠረቱ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ይነካካሉ፤ ሦስቱ ጎኖች ተኝተው አንድ መስመር ይሆናሉ። በ7 እና በ5 ሲሆን ግን ይቋረጣሉ፤ ሦስት ማዕዘኑም ይቆማል። ተማሪው ሦስት ጊዜ መደመር እንደማያስፈልገውም ከዚሁ ይረዳል። ረጅሙ ጎን ብቻውን ከአንዱ አጭር ጎን አያንስምና፣ የሁለቱን አጫጭር ጎኖች ድምር ከረጅሙ ጋር ማወዳደር ይበቃል።

ስለዚህ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ኮምፓሱ ከሕጉ እንዲቀድም፣ ሕጉም ከምዕራፉ እንዲወጣ ነው። ስለ ዙሪያም ሆነ ስለ ስፋት ስንጠይቅ አልፎ አልፎ የማይሣል ሦስት ማዕዘን እንስጥ፤ «አይሠራም» ላለውም ሙሉ ነጥብ እንስጥ። ያን የእኔን ጥያቄ በሄሮን ቀመር ስፋቱን ለማግኘት ብንሞክር፣ የዙሪያው ግማሽ 10 ስለሆነ 10፣ 6፣ 5 እና −1 ተባዝተው −300 ይሰጣሉ፤ ከዚያም የዳግም ዘሩ ርዝመት ሆኖ የሚለካ አይገኝም። ቀመሩ እንኳ እምቢ ያለውን እኔ ትክክል ብዬ አርሜአለሁ።

ለተማሪዋ ነጥቧን መለስሁላት። የቀሩትን ተማሪዎች 20 ግን አልሰረዝሁም፤ ጥፋቱ የጠያቂው ነበርና።