ውዳሴ ለኻርቱም ድስት

ሞገስ ለእናንተ ይሁን፣ የኻርቱም፣ የኦምዱርማንና የባሕሪ እናቶች ሆይ! ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጄኔራሎች ቡርሃንና ሔምቲ ጦር ሲማዘዙ፣ ገበያው ሲዘረፍ፣ በኋላም መንግሥት ጓዙን ጠቅልሎ ፖርት ሱዳን ሲገባ፣ እናንተ ጉልቻ ተከላችሁ። የሱፊ ሼኾች ለመንገደኛና ለድኻ ሲዘረጉት የኖሩትን ማዕድ፣ ተኪያን፣ በየሰፈሩ አስነሣችሁት።

በአገራችን ውዳሴ የገዳይ ነበር። ዘራፍ ያለ፣ ግዳይ የጣለ፣ ጎፈር የደፋ ተሞገሰ፤ ሠራዊቱን በስንቅ ላቆመችው ሴት ግን አዝማሪም ስንኝ ሲቆጥብባት ኖረ። እነሆ ጎፈሩ ዛሬ ለእናንተ ይገባል፣ ጥላሸት ለጠገበው የቶብ ልብሳችሁ! ፉሉን ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ የምታበስሉ፣ ለመቶ የተሰፈረውን ምስር ለሁለት መቶ የምታዳርሱ፣ ጋዝ ቢጠፋ በከሰል፣ ከሰል ቢጠፋ በማገዶ ጢስ ዓይናችሁን የምትገብሩ፣ ክብር ይገባችኋል!

እናንተም «የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች» የተሰኘው የበጎ ፈቃድ መረብ ወጣቶች፣ በ2011 አብዮቱን በየሰፈሩ ያደራጃችሁ፣ ተመስገኑ! በባዕድ አገር ያለ ዘመድ በ«በንካክ» የባንክ መተግበሪያ የላከውን ገንዘብ በስልክ ተቀብላችሁ እህል ሸመታችሁ። በጥር 2016 መጨረሻ ኔትወርክ ሲቋረጥ ስንቱ ድስት ጦሙን ዋለ። በጥር 2017 ደግሞ ዋሽንግተን የእርዳታ እጇን ስትሰበስብ አብዛኛው ተኪያ ተዘጋ፤ የተረፈው የቀኑን ሁለት ማዕድ ወደ አንድ አውርዶ ቀጠለ። ሁለቱም ተዋጊዎች በስለላ ጠርጥረው አሠሯችሁ፤ ከመካከላችሁ የተገደለም አለ። (ወጥ የሚያማስልን ሰው የሚፈራ ጦር ምን ዓይነት ጦር ነው?)

ሰልፉስ? ቤቱ የተቃጠለበት የኻርቱም ነጋዴ፣ ደመወዙ የቀረበት መምህር፣ መውጫ ያጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች፣ ትናንት በየጎዳናው ሻይ ያፈሉ የነበሩ እኅቶቻችን ሳይቀሩ። ባልዲና ሳሕን ለዘረጋ ሁሉ ጭልፋችሁ አገሩንና ነገዱን ሳይጠይቅ ወረደ።

ይህንን ከእኛ በላይ ማን ሊመሰክር ይችላል? ኅዳር 2013 የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ወንዝ የተሻገሩ ወገኖቻችን የሱዳን ድንበር መንደር ሐምዳይት ሲደርሱ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ድንኳን ሳይተክሉ የመንደሩ ሰው ከጓዳው ቆርሶ አጉርሷቸዋል። ያን ጊዜ ምስጋናችንን በችኮላ ሰጥተን አልፈን ነበርና፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ ዛሬ ከነወለዱ ተቀበሉን!